አንጀቷን ያሰረች እናት፣ ጨጓራዋን ያሳሰረች ልጅ

ሙቀቱ፣ አቧራውና የራሽን ሰልፉ እንዴት ይዟችኋል? ዛሬ የማነሳላችሁን ጉዳይ መጀመሪያ ስትሰሙት “ይሄ ደግሞ የኛ ጉዳይ ነው እንዴ?” ማለታችሁ አይቀርም። እኛ እዚህ የምንጨነቀው የሚበላ ስለማግኘት እንጂ የምንበላውን ስለመቀነስ አይደለም። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ወደ ሦስተኛ አገር የሄዱ እህቶች፣ ወንድሞችና ልጆች አሉን። እነሱ ላይ የደረሰው ነገር ዞሮ ዞሮ እኛው ቤት ይገባል። የኔም ቤት ገብቷል። ስለዚህ ከራሴ ቤት ልጀምር።

ታላቅ እህቴ ከካኩማ ወደ አሜሪካ የሄደችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ስትሄድ 58 ኪሎ ነበረች። በሦስተኛው ዓመት ፎቶ ስትልክልን እናቴ ለጎረቤት ሁሉ “ልጄ ተመቻት፣ ወፈረችልኝ” እያለች አሳየች። እንደሚታወቀው በኛ ዘንድ “ወፈርሽ” ማለት ምርቃት እንጂ ስድብ አይደለም።

እህቴ ያልነገረችን ግን ብዙ ነበር። ሌሊት ሌሊት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች፣ በመሐል ያገኘችውን በጥድፊያ ትበላለች፣ ጥሟን በለስላሳ ትቆርጣለች። በአራት ዓመት ውስጥ ክብደቷ 104 ኪሎ ደረሰ። ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 ነው። ስኳርና ደም ግፊት ተገኘባት፣ ጉልበቷም ደረጃ መውጣት አቃተው። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2010 ሐኪሞች ጨጓራዋ ላይ ቀለበት አደረጉላት። ለኛ ግን ትንፍሽ አላለችም። በሕመሟ ምክንያት ሥራ ባቆመችባቸው ሁለት ወራት ገንዘብ ሳትልክ ስትቀር ተቀይመናት ነበር። ኋላ ለምን እንደደበቀችን ስጠይቃት “አንተ ልጅ፣ እናንተ ራሽን እየቆጠራችሁ እኔ ሆዴ ሞልቶ አሳመመኝ ብዬ በየትኛው አፌ ልንገራችሁ?” አለችኝ።

ጉርሻው ያወጣው ምስጢር

እ.ኤ.አ. በ2013 ልትጠይቀን መጣች። እናቴ ተበድራ ዶሮ ሠራች። እህቴ ያኔ 71 ኪሎ ነበረች፤ ከፎቶዋ ጋር ሲያስተያዩዋት ግን የከሳች መሰለች። በዚያን ጊዜ ሰው ከከሳ ምን ተብሎ እንደሚወራ ታስታውሳላችሁ። ገና ቡናው ሳይፈላ “ያ በሽታ ይዟት ይሆን?” የሚል ሹክሹክታ ከጓሮ ተሰማ።

ምሳ ቀረበ። እናቴ እንደ ወጉ አንድ ትልቅ ጉርሻ አጎረሰቻት። እህቴ ብዙ አላመጠች። እናቴ “አንድ ጉርሻ ያጣላል” ብላ ሁለተኛውን ስትሰጣት እምቢ ማለት አልቻለችምና ዋጠችው። ወዲያው እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ብድግ አለች፤ ከቤት ጀርባ ሄዳ አረፋ የመሰለ ምራቅ እየተፋች ቆየች። አንዱ “አርግዛ ነው” ይላል፣ ሌላው “ቡዳ በልቷት ነው” ይላል። የእናቴን ፊት ያየ ሰው ግን የዶሮው ነገር ሳይሆን የልጇ ነገር እንደቆረጣት ያውቃል።

ማታ እንግዳው ሲበተን እህቴ እውነቱን ተናገረች። እናቴ ዝም ብላ ሰማቻትና “እኔ እናንተን ለማሳደግ አንጀቴን አስሬ ኖርኩ። አንቺ ደግሞ ከፍለሽ አሳሰርሽው?” አለቻት። ሁለቱም አለቀሱ። እኔ በክሊኒክ አስተርጓሚ ሆኜ ስለምሠራ ስለብዙ በሽታ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ሕክምና መኖሩን ግን ያወቅሁት ያን ዕለት ማታ ነው።

ቀለበቱ ምንድን ነው?

እህቴ በነጋታው ለእናቴ ያስረዳቻት በፌስታል ነበር። ፌስታሉን ከአፉ ዝቅ ብላ በክር ላላ አድርጋ አሰረችውና ውሃ አፈሰሰችበት። ከክሩ በላይ ያለው ትንሽ ቦታ ቶሎ ሞላ፣ ውሃውም በጠባቡ ቀዳዳ ወደ ታች ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። “ጨጓራዬ ይሄው ነው እማዬ” አለቻት።

ነገሩ እውነትም ይኸው ነው። ሐኪሞች ባንድ የሚሉት ከሲሊኮን የተሠራ ቀለበት በጨጓራ የላይኛው ክፍል ዙሪያ ይታሰራል። ከቀለበቱ በላይ የሚቀረው ቦታ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ብቻ ይይዛል። ከቀለበቱ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ከሆድ ቆዳ ሥር ከተቀበረች ትንሽ ቋት ጋር ይገናኛል። ሐኪሙ በልዩ መርፌ ንጹሕ ጨዋማ ውሃ ወደ ቋቷ ሲጨምር ቀለበቱ ይጠብቃል፤ ሲቀንስ ይላላል። ጨጓራው አይቆረጥም፣ አይወጣም።

ይህን የሚጠብቅና የሚላላ ቀለበት እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ በሥራ ላይ ካዋሉት ሐኪሞች አንዱ ዶ/ር ሉቦሚር ኩዝማክ ናቸው። ሆድን ሰፋ አድርጎ ሳይከፍቱ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብቶ ቀለበቱን በማሰር ግን ፈር የቀደዱት የኛው አገር ልጅ ናቸው። ኢትዮጵያ ተወልደው በቤልጂየም የሠሩት ዶ/ር ምትኩ በላቸው እ.ኤ.አ. በ1993 ሁይ በምትባል ከተማ ይህን ቀዶ ሕክምና አከናወኑ። በአሜሪካ የመንግሥት ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ “የኛ ሰው ነው የጀመረው?” ብላ ትንሽ ለዘብ አለች።

ሕክምናው ላማረው ሁሉ የሚሰጥ አይደለም። ያኔ የነበረው ደንብ በእህቴ ቁመት ሲሰላ ክብደቷ ወደ 102 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወይም እንደ ስኳር ያለ በሽታ ኖሮባት 90 ኪሎ ገደማና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ነው የሚታይለት። እህቴ ሁለቱንም አሟልታ ነበር።

እንደገና መብላት መማር

“ከኦፕራሲዮኑ ይልቅ የከበደኝ እንደ ሕፃን እንደገና መብላት መማሩ ነው” ትላለች እህቴ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፈሳሽ ብቻ ነው፤ የተጣራ ሾርባ፣ ወተት፣ ውሃ። ቀጥሎ ጥቂት ሳምንት የተፈጨና የላመ፣ ከዚያ ለስላሳ ምግብ፣ ወደ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ ደግሞ ቀስ በቀስ ጠንከር ያለ ምግብ ይጀመራል። ቀለበቱም የሚጠብቀው ያኔ አካባቢ ነው፤ በአንድ ጊዜም አይደለም፤ እየታየ በየቀጠሮው ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጡት ሕጎች የዕድሜ ልክ ናቸው። ጉርሻው የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ትሆናለች። እያንዳንዷ ጉርሻ ሃያ ጊዜና ከዚያ በላይ ትታኘካለች። መጀመሪያ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ምስር ወይም ሥጋ ይበላል፤ እንጀራና ሩዝ ወደ ኋላ ይቆያል። ከምግብ ጋር ውሃ አይጠጣም፤ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠበቃል። የመጥገብ ስሜት ሲመጣ ማቆም ነው። አንዲት ጉርሻ ከተጨመረች ወይ ትቀረቀራለች ወይ ትመለሳለች። ቫይታሚንም ሐኪሙ እንዳዘዘው በየቀኑ ይወሰዳል።

በኛ ገበታ የሚያስቸግረው ምን እንደሆነ እህቴ ከራሷ ታውቃለች። እንጀራ፣ በተለይ ትኩስ የሆነው፣ ሊጥነት ስላለው ይጣበቃል። አዲስ ዳቦ፣ ኡጋሊና ጥሬ ሥጋም እንዲሁ ናቸው። ፈንዲሻ ጨርሶ አትነካም። በደንብ የበሰለ ሽሮ፣ የምስር ወጥ፣ እንቁላልና አጥሚት ግን ይሄዱላታል። ቡናዋን በስኒ ቀስ እያለች ትጠጣለች።

ከሁሉ የከበዳት የካኩማ ውሃ ጥም ነበር። በዚህ ሙቀት ሰው አንድ ጣሳ ውሃ ባንድ ትንፋሽ ግጥም ያደርጋል። እሷ አትችልም። ከጠዋት እስከ ማታ ጠርሙሷን ይዛ በትንሽ በትንሹ ፉት ስትል ነበር የዋለችው። ይህን ያላወቁ “ፈረንጅ ሆና መጣች፣ በጣሳችን መጠጣት ተጸየፈች” ብለዋታል።

የጾም ነገርም አለ። የኛም የክርስቲያኖቹ ጾም ሆነ የሙስሊም ወገኖቻችን ረመዳን፣ ውለው ሲፈቱ ባንድ ጊዜ መብላትና መጠጣት ይመጣል። ለባለ ቀለበት ሰው ይህ አደጋ አለው፤ ስለዚህ ከጾሙ በፊት ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ወይም ሼኹን ቢያማክር መልካም ነው።

ቀለበቱ የማይሠራው ሥራ

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ቀለበቱ ምግብን ያዘገያል እንጂ አይመርጥም። ለስላሳ፣ አይስክሬም፣ ቸኮሌትና ስኳር የበዛበት ሻይ በቀለበቱ ውስጥ ሰተት ብለው ያልፋሉ። እህቴም በሁለተኛው ዓመት ጠንካራ ምግብ ሲያስቸግራት ወደ ጣፋጭ ፈሳሽ ዞራ ሰባት ኪሎ መልሳለች። “ቀለበቱ ሆዴ ላይ እንጂ አፌ ላይ አልታሰረም” ትል ነበር። ደግሞም ሲከፋት፣ ሲናፍቃት፣ ከኛ የሚደወልላት ሁሉ ስለ ችግር ሲሆንባት መብላት ለምዳ ነበርና ያን ልማድ የሚፈታ ኦፕራሲዮን የለም። እሱን የፈታችው በእግር ጉዞ፣ ከሰው ጋር በመነጋገርና የሌሊት ሥራዋን ወደ ቀን በማስቀየር ነው።

እንዲህ ያለ እንግዳ ቢመጣባችሁ

አንደኛ፣ ጉርሻ አታስገድዱ። “ብዪ በሞቴ” ማለት ለእሷ ፍቅር ሳይሆን ጭንቅ ነው። ትንሽ ሳህን ስጧት፣ ጊዜ ስጧት፣ ሳህኗንም አትቁጠሩ።

ሁለተኛ፣ ምግብ ከተቀረቀረባት ውሃ አታጠጧት፤ ውሃው ይጨምርባታል እንጂ አያወርደውም። መብላቷን ታቁም፣ ቀና ብላ ትቁም ወይም ወዲያ ወዲህ ትበል። ብዙውን ጊዜ ወይ ያልፋል ወይ ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ ሆዷን አታሹ፣ ወደ ወጌሻም አትውሰዷት። ቆዳ ሥር የምትዳሰሰውን ቋትም ማንም ተራ ሰው በመርፌ እንዳይነካት።

አራተኛ፣ ውሃ እንኳ አልወርድ ካላት፣ ማስመለሱ ካልቆመ፣ ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት ከያዛት፣ ወይም ቋቷ ያለችበት ቦታ ቀልቶ ትኩሳት ከመጣ ሳይውል ሳያድር ወደ ክሊኒክ ነው። መጀመሪያ የሚነገረውም “ጨጓራዋ ላይ ቀለበት አለ” የሚለው ነው። ቀለበቱ ተንሸራትቶ ሊሆን ስለሚችል ውሃው ወጥቶ እንዲላላ ወደሚችል ሆስፒታል መላክ ሊያስፈልጋት ይችላል። እንደ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ደግሞ ጨጓራን ስለሚጎዱ ሐኪም ሳይጠየቅ አይሰጧትም።

ከውጭ የምትመጡ ወገኖችም የቀለበቱን ዓይነት የሚገልጽ ወረቀት ይዛችሁ ተጓዙ፤ ከመነሳታችሁ በፊትም ሐኪማችሁን አማክሩ። እዚህ ካምፕ ውስጥ የሚያጠብቅና የሚያላላ አታገኙም።

ዛሬስ?

እ.ኤ.አ. በ2019 የእህቴ ቀለበት ተንሸራቶ በቀዶ ሕክምና ወጣላት። እንዲህ የወጣላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። በዚህም ምክንያት ዛሬ በአሜሪካ ቀለበት የሚታሰርለት ሰው በጣም ጥቂት ሆኗል፤ በብዛት የሚሠራው አብዛኛውን ጨጓራ ቆርጦ የሚያወጣው ስሊቭ የተባለው ነው፤ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶችም መጥተዋል። ክብደቷ አሁን 76 ኪሎ ነው። ጥቂት መልሳለች፤ ስኳሯ ግን በቁጥጥር ሥር ነው። አሁን የቀራት ልማዱ ነው፤ ትንሽ መጉረስ፣ ማላመጥ፣ ሲበቃ መተው።

ስለዚህ ተራችሁ ደርሶ ለመሄድ የምትዘጋጁ ወገኖች፣ ይህን ከእህቴ ተቀበሉ። እጦት የለመደ ሰው ጥጋብ ላይ ሲደርስ “ነገ ላይኖር ይችላል” እያለ ይበላል። ይህ ነውር አይደለም፤ ችግር ያስተማረን ነው። እዚያ ግን ነገም ይኖራል። ለስላሳውን በውሃ፣ መኪናውን ሲቻል በእግር ተኩ፤ ስኳርና ግፊታችሁንም ሳትታመሙ ተለኩ። እዚህ የቀረነውም “ወፈርክ ከሳህ” ከማለት በፊት “ጤናህ እንዴት ነው?” እንበል። የታመመ ሰው እኛን አፍሮ እንዳይደብቀን።

እናቴ ዛሬም እዚሁ ካኩማ አለች። ያኔ እህቴ ከመመለሷ በፊት በነበሩት ቀናት ሽሮውን አቅጥና በማንኪያ ታቀርብላት ነበር፤ “ጉርሻዬን ተቀማሁ” እያለችም ትስቅ ነበር። ድሮ ስልክ ሲደወል የመጀመሪያ ጥያቄዋ “ልጄ፣ በላሽ ወይ?” ነበር። አሁን “ልጄ፣ ቀስ ብለሽ በላሽ ወይ?” ሆኗል።