ከአንድ ፓወርፖይንት ወደ ሌላው የሚያሻግር ሊንክ

በፓወርፖይንት አንድ ቅርጽ፣ ፎቶ ወይም ጽሑፍ ሲጫኑት ሌላ የፓወርፖይንት ፋይል እንዲከፍት ማድረግ ይቻላል። የአንድ ሴሚስተር ትምህርት በአንድ ፋይል ታጭቆ ከሚንዛዛ በየምዕራፉ ተከፋፍሎ፣ የምዕራፎቹ ማውጫ ያለበት አንድ ዋና ፋይል ቢበጅለት ለማረምም ለማስተማርም ይቀላል።

አሠራሩ አጭር ነው። ቅርጹ ይመረጥና ከ«ኢንሰርት» ሥር «አክሽን» ይጫናል፤ «ሃይፐርሊንክ ቱ» በሚለው ዝርዝር «አዘር ፓወርፖይንት ፕረዘንቴሽን» ተመርጦ ፋይሉ ይጠቆማል። ወዲያው የፋይሉ ስላይዶች በየርዕሳቸው ተዘርዝረው ይመጣሉ፤ በቀጥታ መሀል ላይ ወዳለ ስላይድ መግባትም ይቻላል ማለት ነው። ለስላይዶቹ ርዕስ መስጠት የሰነፈ ሰው ግን እዚህ ላይ «ስላይድ 14»፣ «ስላይድ 15» የሚል ባዶ ቁጥር ይጠብቀዋል። ሊንክ የተደረገበት ጽሑፍ ቀለሙ ተቀይሮ ስለሚሰመርበት፣ ቅርጽ ላይ ማድረጉ ይመረጣል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ሊንኩ ሁለተኛውን ፋይል በውስጡ የያዘ መምሰሉ ነው። ሊንክ የሚይዘው አድራሻ ብቻ ነው። ዋናው ፋይል ዴስክቶፕ ላይ፣ ምዕራፍ ሁለት ደግሞ ዳውንሎድስ ውስጥ ከሆነ፣ የሚመዘገበው ፋይሉ በዚያው ኮምፒውተር ላይ የሚገኝበት አድራሻ ነው። ዋናውን ብቻ በፍላሽ ገልብጦ አዳራሽ የገባ አቅራቢ ሊንኩን ሲጫን የሚከፈት ነገር አያገኝም፤ ጥፋት የሌለበት ፕሮጀክተርም ይወቀሳል። ሁለቱ ፋይሎች አስቀድመው በአንድ ፎልደር ሴቭ ተደርገው ሊንኩ ከዚያ በኋላ ከተሠራ ግን ፓወርፖይንት የፋይሉን ስም ብቻ ይይዛል፤ ፎልደሩ እንዳለ የትም ቢሄድ ሊንኩ ይሠራል። የፋይሉን ስም መቀየርም ሊንኩን ይበጥሳል፤ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻው መጨረሻ» እያሉ ስም መለዋወጥ የለመዱ ይህን ልብ ይበሉ።

ለመመለስ ሌላ ሊንክ አያስፈልግም። ሁለተኛው ትዕይንት በ«ኢስኬፕ» ወይም «ኤንድ ሾው» በተሰጠው ቁልፍ ሲዘጋ፣ የመጀመሪያው ከቆመበት ስላይድ ይቀጥላል።

ፋይሎቹ ተበታትነው ከሆነ፣ በዊንዶውስ «ፓኬጅ ፕረዘንቴሽን ፎር ሲዲ» የሚለው ትእዛዝ ሊንክ የተደረጉትን ፋይሎች ወደ አንድ ፎልደር ይሰበስባል። ስሙ ሲዲ ቢልም ሲዲ አይጠይቅም።