ከወይን መንገድ ወደ ጠጅ መንገድ፦ በእንጦጦና በየካ የጥንዶች የቅምሻ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

በፈረንሳይ ገጠር የሚደረግ የወይን ቅምሻ ጉዞ በብዙዎች ዘንድ የፍቅረኞች ዕረፍት ሆኖ ይታሰባል። ጉዞው ከውጭ ሲታይ የሁለት ሰዎች ስሜት ጉዳይ ይመስላል፤ ከጀርባው ግን የረጅም ዘመን የተቋም ሥራ አለ። ፈረንሳይ የወይንን ስም ከበቀለበት ምድር ጋር የሚያስተሳስረውን የስያሜ ሥርዓት በሕግ ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። የአልዛስ የወይን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1953 ተከፈተ፤ የቡርጎኝ የወይን ማሳዎችም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ስለዚህ ጥንዶቹ ከመጠጡ ጋር ስምን፣ ምድርንና ወቅትን አብረው ይቀምሳሉ። ይህ ጽሑፍ እነዚህ ሦስት ነገሮች በእንጦጦና በየካ ኮረብታዎች ላይ ምን መልክ እንደሚኖራቸው ያብራራል።

በቅድሚያ የመጠጡ ዓይነት መለየት አለበት። የኢትዮጵያ የወይን እርሻ የሚገኘው በቆላማውና በወይና ደጋው የስምጥ ሸለቆ አካባቢ ነው፤ ለምሳሌ በባቱ (ዝዋይ) የተተከለው የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ወይን ለገበያ የበቃው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላለው እንጦጦ ግን የሚስማማው የታሪክ መጠጥ ጠጅ ነው። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ሲነግሡ፣ ጠጅ የቤተ መንግሥት ግብር ዋና መጠጥና የክብር ምልክት ነበር። ወደ ተራው ሕዝብ በስፋት የወረደው ከጊዜ በኋላ፣ በከተማው የጠጅ ቤቶች መበራከት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ወቅት ነው። የአውሮፓ በጋ የሚባሉት ወራት በኢትዮጵያ ሐምሌና ነሐሴ፣ ማለትም ክረምት ናቸው። በእነዚህ ወራት የእንጦጦ ዳገት በጭጋግና በጭቃ ይሸፈናል፤ ንብም ከዝናቡ የተነሣ እንደልቧ አትቀስምም። ዝናቡ ሲያባራ አደይ አበባና ሌሎች ዕፅዋት ያብባሉ፤ በብዙ የደጋ አካባቢዎች ዋናው ማር የሚቆረጠውም ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። አዲሱ ማር ተበጥብጦ፣ ጌሾ ገብቶበት እስኪበስል ተጨማሪ ቀናትና ሳምንታት ያስፈልጋሉ፤ ደጋው ሲበርድ ደግሞ መፍላቱ ይዘገያል። ስለዚህ በአዲስ ማር የተጣለ ጠጅ ለመቅመስ የሚሻ ተጓዥ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ያለውን ጊዜ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ሦስተኛው የጉዞው ቅደም ተከተል ነው። በፈረንሳይ ቅምሻው ቀኑን ሙሉ በየመንደሩ ሊከፋፈል ይችላል። በእንጦጦ ግን ይህ አያስኬድም፤ ተራራው የጸሎትና የጠበል ስፍራ ነውና መጠጥ ቀምሶ ወደ ቅጽሩ መግባት ነውር ነው። ዳገቱና ጠመዝማዛው መንገድም ጠጥቶ ለሚያሽከረክር ሰው አደገኛ ነው። በዚህ ምክንያት ቅምሻው የቀኑ መደምደሚያ መሆን ይገባዋል። በመጀመሪያው ቀን ማለዳ እንጦጦ ማርያምንና የምኒልክን አሮጌ ቤተ መንግሥት መጎብኘት፣ ከዚያም በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ በእግር መጓዝ ይቻላል። በሁለተኛው ቀን በየካ በኩል ከዐለት ተፈልፍሎ የታነጸውን ዋሻ ሚካኤልን አይቶ በፈረንሳይ ለጋሲዮን መውረድ ይቻላል። ይህ ሰፈር ስሙን ያገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ለፈረንሳይ ከሰጡት ሰፊ የኤምባሲ ግቢ ነው። ኮረብታውን የሸፈነውን ባሕር ዛፍ በማስገባት ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣውም ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። መጓጓዣው በተከራየ አሽከርካሪ ቢሆን ምሽቱ ያለ ሥጋት ያልፋል።

አራተኛው ጉዳይ የቅምሻው ሥርዓት ነው። በጠጅ ቤት የሚቀርበው ሙሉ ብርሌ እንጂ የቅምሻ መለኪያ አይደለም። ሁለት ሰዎች ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ ብለው ሦስት ብርሌ አዝዘው ቢካፈሉ ግን ልዩነቱን በመጠን ሊያውቁት ይችላሉ። ጣፋጩ ጠጅ የአልኮሉን ኃይል ስለሚሸፍን፣ የአልኮሉ መጠንም ከቤት ቤት ስለሚለያይ፣ ለስላሳ የተባለው ሁሉ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ለማይጠጣ ሰው ያልፈላው የማር ብርዝ አለ።

በዚህ ላይ የማኅበራዊ ቦታ ጥያቄ ይነሣል። ጠጅ የመጣል ሙያ በአብዛኛው በሴቶች እጅ የኖረ ቢሆንም፣ በጠጅ ቤቱ አግዳሚ ላይ የሚቀመጡት ደንበኞች ግን በብዛት ወንዶች ናቸው። እንግዲህ ለጥንዶች የታሰበ ጉዞ ሴቲቱ በእንግድነት ሳትሸማቀቅ የምትቀመጥበትን ቤትና ሰዓት አስቀድሞ ማጣራት አለበት። ቤቱ ሳይሞላ፣ አመሻሹ ላይ ደርሶ ከጠጅ ጣይዋ ጋር ስለ ማሩ፣ ስለ ጌሾውና በወይራ ስለታጠነው ጋን መነጋገር ቅምሻውን ትምህርት ያደርገዋል።

ከሁሉ የከበደው ጉዳይ ግን ስም ነው። በአዲስ አበባ የሚጠጣው ጠጅ ማሩ ከጎጃም፣ ከወለጋ ወይም ከከፋ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ጠጪው ግን ይህን የሚያውቅበት ምልክት ብርሌው ላይ የለም። ማር ሲወደድ ስኳር የሚቀላቅለው ነጋዴ ንጹሕ ማር ከሚጠቀመው ይልቅ በርካሽ ሊሸጥ ይችላል። ምንጩ ካልተገለጸ ገዢው ሁለቱን የሚለየው በምላሱ ብቻ ነውና በገበያው የሚጎዳው ታማኙ ጠጅ ጣይ ይሆናል። የፈረንሳይ የስያሜ ሥርዓትም የተወለደው ከተመሳሳይ የማጭበርበር ችግር ነበር።

በጥቅሉ፣ በእንጦጦና በየካ የጠጅ መንገድ ለመዘርጋት ምድሩ፣ ታሪኩና ሙያው አሉ፤ የጎደለው ማሩን ከአገሩ፣ ጠጁንም ከጣለችው ሴት ጋር የሚያስተሳስር ስም ነው። ይህ እስኪሟላ ድረስ ሁለቱ ተጓዦች “ማሩ ከየት ነው? ማን ጣለው?” ብለው መጠየቃቸው ለጉዟቸው ጣዕም፣ ለባለሙያዋም ዋጋ ይጨምራል።