ቀለም ሳይኖረው ስለሚወለድ ሕፃንና ስለ ደጋ ፀሐይ

የደጋ ሰው ብርድን እንጂ ፀሐይን እምብዛም አይፈራም። በአርሲ ደጋ፥ ከጭላሎ ተራራ ሥር፥ ከአሰላ እስከ በቆጂ በተዘረጋው የስንዴና የገብስ አገር፥ ዐጫጁ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ሲውል ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዘው የፀሐይዋን ኀይል አያስተውለውም። አብዛኛውን ሰው ይህ ብዙ አይጎዳውም፤ የቈዳው ቀለም እንደ ጥላ ኾኖ ይጠብቀዋልና። ዳሩ ግን ይህ ጥላ ሳይሰጣቸው የሚወለዱ ልጆች አሉ። ዛሬ በቤተ ሰብ ዐምዳችን የምንጽፈው ስለ እነርሱ ነው።

ከጥቍር ወይም ከጠይም ወላጆች ጠጕሩ እንደ ደረሰ ገብስ የነጣ፥ ቈዳውም የፈረንጅ የሚመስል ሕፃን ሲወለድ ቤቱ ይደነግጣል። አንዱ እናቲቱን ይጠረጥራል፤ ሌላው ርግማን ነው ይላል፤ ሦስተኛውም ለምጽ ነው ብሎ ይርቃል። ሦስቱም ተሳስተዋል። ለምጽ ከተወለዱ በኋላ በቦታ በቦታ የሚወጣ ነው፤ ይህ ግን ከማሕፀን ጀምሮ መላውን አካል የሚይዝ፥ ሐኪሞች አልቢኒዝም የሚሉት የዘር ውርስ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ነገሩ ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። ላሜሕ ልጁ ኖኅ እጅግ ነጭ ኾኖ ቢወለድለት ፈርቶ ወደ አባቱ ወደ ማቱሳላ እንደ ሄደ፥ ማቱሳላም ሄኖክን ቢጠይቅ ሕፃኑ በእውነት የላሜሕ ልጅ መኾኑን እንደ ነገረው በመጽሐፈ ሄኖክ እናገኛለን። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1958 አርኖልድ ሶርስቢ የተባለ የእንግሊዝ የዓይን ሐኪም ይህን ታሪክ መርምሮ፥ የተነገረው ስለ አልቢኒዝም ይመስላል ሲል በሕክምና መጽሔት ላይ ጽፏል። የምስጢሩን ትርጓሜ ለመምህራን እንተወው፤ ለአባቶች ግን፥ መልኩ ስላልመሰለህ ልጅህን አትካድ የሚል ምክር አለበት።

የነገሩ ሥር እንዲህ ነው። ቈዳ፥ ጠጕርና ዓይን ቀለም የሚያገኙት ሜላኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ይህ እንዲሠራ የሚያዝዘውን ጂን እያንዳንዱ ሰው አንዱን ከአባቱ፥ አንዱን ከእናቱ ይወርሳል። አንዱ ቢበላሽ ሁለተኛው ሥራውን ስለሚሠራ በሰውዬው ላይ ምንም አይታይም። ያው ዓይነት የተበላሸ ጂን ያላቸው ባልና ሚስት ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ከ4 አንድ ዕጣ እንዲህ ያለ ልጅ ሊወልዱ ይችላሉ። እንግዲህ ነገሩ ከእናቲቱ ብቻ የመጣ አይደለም፤ አባትም እኩል አካፍሏል። የቅርብ ዘመዳሞች ሲጋቡ ዕጣው ስለሚበዛ እስከ ሰባት ቤት የመቍጠሩ ልማድ ጥበብ አለበት፤ ቢኾንም በማይዛመዱ ሰዎችም ይደርሳል። በዓለም በጠቅላላው ከ17,000 እስከ 20,000 ሰዎች አንድ ይገኛል ይባላል፤ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ግን ከ5,000 እስከ 15,000 ሰዎች አንድ ነው።

ጕዳቱ በመልክ ብቻ አይወሰንም። ሜላኒን ሲጐድል ዓይን በማሕፀን ሳለ በሚገባ አይሠራም። ስለዚህ ሕፃኑ ብርሃን ይከብደዋል፤ ዓይኑ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ የሩቁንም አጥርቶ አያይም። መነጽር ይረዳዋል እንጂ ፈጽሞ አያድነውም። አእምሮው ግን ከማንም አያንስም። ሰሌዳውን ማየት አቅቶት ዝም ሲል ሰነፍ ተብሎ ከትምህርት የሚወጣ ልጅ ግፍ ተሠርቶበታል።

ከኹሉ የሚከፋው የቈዳ ነቀርሳ (ካንሰር) ነው። አሰላ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ ቈዳን የሚያቃጥለው የማይታይ ጨረርም በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርዱም፥ ስስ ደመናውም አያግደውም። ጥበቃ ያላገኘ ሰው በፊቱ፥ በጆሮው፥ በከንፈሩና በዐንገቱ ላይ የማይድን ቍስል ይወጣበታል፤ ብዙዎችም በጕልማስነት ዘመናቸው ይሞታሉ። ቍስሉ ገና ትንሽ ሳለ ለሐኪም ቢታይ ግን ተቈርጦ ይድናል።

ከዚህም ሌላ ከስንት አንድ የሚገኙ ዓይነቶች አሉ። በፈረንጅ 1959 ሄርማንስኪና ፑድላክ የተባሉ ሐኪሞች የገለጹት ዓይነት ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል፤ በአንዳንዱም ሳንባን ይጎዳል። ቼዲያክ ሂጋሺ የሚባለው ደግሞ ሰውነት በሽታን የሚከላከልበትን ኀይል ያደክማል። ስለዚህ ልጁ በቀላሉ የሚበልዝ፥ ነስርም የሚያበዛበት ቢኾን፥ ጥርስ ከመነቀሉ አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር ይገባል።

ጥበቃው ከባድ አይደለም። ሰፊ ባርኔጣ፥ እጀ ረዥም ልብስ፥ ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ ነጠላና ጃንጥላ በየቤቱ አሉ። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ከጥላ አይውጣ፤ የእርሻውን ሥራ ማለዳና ማታ ይሥራ። ቅቤ መቀባት ከፀሐይ አያድንም፤ ለዚህ የተሠራ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋል። ቈዳውን በየ6 ወሩ ለሐኪም ያሳይ። በአሰላ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል፥ በአዲስ አበባም ለቈዳ ሕክምና የታወቀው አለርት ሆስፒታል አሉ።

በወረዳና በትምህርት ቤት ኀላፊነት ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ እንዲህ ያለውን ልጅ ከፊተኛው ወንበር አስቀምጡት፤ በክፍል ውስጥ ባርኔጣውን አታስወልቁት፤ በሰልፍ ሜዳም በፀሐይ አታቁሙት። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ፥ በእኛ አቈጣጠር ሰኔ 6 ቀን ስለነዚህ ሰዎች የሚታሰብበት ዕለት ኾኗል። ወላጆችም ልጁን ከሰው ዓይን እንዳይሰውሩት እናሳስባለን፤ ልጁን ከፀሐይ እንጂ ከሰው መሸሸግ አይገባም።