«ሪል ታይም» ለሚለው ሙያዊ ቃል የአማርኛ አቻ ስለ መምረጥ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በሐረጎ ተራራ እየተጠማዘዘ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ዝናብ በጣለ ዕለት አሽከርካሪው ፍሬን ሲይዝ፣ ጎማው መሽከርከሩን አቁሞ መኪናው ሊንሸራተት ይችላል። በዛሬዎቹ ብዙ ተሽከርካሪዎች ላይ የየጎማውን ፍጥነት የሚከታተል ትንሽ ኮምፒዩተር አለ፤ ጎማው ሊቆም ሲቃረብ የፍሬኑን ግፊት በአንድ ሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ያላላል፣ ያጠብቃል። ይህ ኮምፒዩተር ስሌቱን ሳይሳሳት ሠርቶ ትእዛዙን መኪናው ከመንገድ ከወጣ በኋላ ቢሰጥ፣ ነገሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆናል። መልሱ ትክክል መሆኑ ብቻ ሳይበቃ በተወሰነለት ጊዜ መድረስ ያለበትን እንዲህ ያለውን ሥርዓት ባለሙያዎች «ሪል ታይም» ይሉታል።

በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎቻችን የኮምፒዩተር ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪዎች ግን ትምህርቱን እርስ በርሳቸው የሚያስረዱት ብዙውን ጊዜ በአማርኛ ስለ ሆነ፣ የቃሉ አመራረጥ ስሕተት የአስተሳሰብ ስሕተት ይሆናል።

«እውነተኛ ጊዜ» የሚለው ቃል በቃል ትርጉም «ሐሰተኛ ጊዜም አለን?» ያሰኛል። «ቅጽበታዊ» የተሻለ ቢመስልም፣ ቅጽበት የዓይን ጥቅሻን ያህል አጭር ጊዜ በመሆኑ ፍጥነትን እንጂ ቀጠሮ ማክበርን አያመለክትም። የአንድን ቦይለር ሙቀት በየደቂቃው ማወቅ የሚበቃ ከሆነ፣ ደቂቃው ሳያልፍ የሚያደርስ ዝግተኛ መሣሪያ ተግባሩን ፈጽሟል፤ አልፎ አልፎ የሚዘገይ ፈጣን መሣሪያ ግን አልፈጸመም። ሊዩና ሌይላንድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ የሥራው ጠቅላላ ጫና ከመሣሪያው አቅም እስካልበለጠ ድረስ፣ ገደቡ የቀረበውን ሥራ በማስቀደም ለሁሉም ማድረስ እንደሚቻል አሳይተዋል። ፍሬ ነገሩ እንግዲህ ቅደም ተከተልን ማወቅ ነው።

ይህ ሐሳብ ከውሂብ ጎታ ጋር ሲገናኝ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። በባንክ የተመዘገበ ቀሪ ሂሳብ፣ ገንዘብ ካልወጣ ወይም ካልገባ፣ ሳምንት ቢቆይም እውነት ነው። የጎማ ፍጥነት ልኬት ግን ማንም ሳይነካው ያረጃል። በጎታ የቆየ እህል እንደሚነቅዝ ሁሉ ውሂብም በቆይታው ብቻ ዋጋውን ያጣል ማለት ነው። የኮምፒዩተር ሳይንስ ፕሮፌሰሩ ክሪቲ ራማምሪታም እ.ኤ.አ. በ1993 ስለዚህ ዓይነት ጎታ ባወጡት ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን ለይተው አስረድተዋል፤ አንደኛው እያንዳንዱ ልኬት የሚጸናበት የጊዜ ወሰን ያለው መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው አብረው የሚታዩ ልኬቶች የተወሰዱበት ጊዜ መቀራረብ ያለበት መሆኑ ነው። የፊተኛውን ጎማ የአሁን ፍጥነት ከኋለኛው የቀድሞ ፍጥነት ጋር የሚያነጻጽር ፍሬን ይሳሳታልና።

ስለዚህ የሚከተሉትን አቻዎች እናቀርባለን።

ጊዜ አክባሪ ሥርዓት፦ ትክክለኛውን መልስ በተወሰነለት ገደብ ውስጥ የሚያደርስ። «ሰዓት አክባሪ» የሚለውን የተለመደ አነጋገር ያልወሰድነው ገደቡ ከሰከንድም ሊያንስ ስለሚችል ነው።

ጥብቅ ጊዜ አክባሪ፦ አንድ ጊዜ እንኳ መዘግየቱ አደጋ የሚያስከትል፤ ምሳሌ፣ የመኪና ፍሬን መቆጣጠሪያ።

ልል ጊዜ አክባሪ፦ መዘግየቱ ጥቅሙን የሚቀንስ እንጂ አደጋ የማያስከትል፤ ምሳሌ፣ በስልክ የሚተላለፍ ተንቀሳቃሽ ምስል።

የጽናት ወሰን፦ አንድ ውሂብ ሳያረጅ የሚቆይበት ጊዜ።

አክብሮት የሰው ጠባይ እንጂ የመሣሪያ አይደለም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ይሁን እንጂ «መኪናው እንቢ አለ» የሚል ሕዝብ «መሣሪያው ጊዜውን አከበረ» ማለት አይከብደውም ብለን እናምናለን። መምህራን፣ ተማሪዎችና የጋራዥ ባለሙያዎች በሥራ ላይ የሚናገሩበት የተሻለ ቃል ካለ እንዲያስታውቁን እንጠይቃለን።