ተጨማሪ መረጃ፦ የአድራሻ መስመርና የፍለጋ ቃል

ድረ ገጽን ከፍቶ የሚያሳየው ፕሮግራም አሳሽ ወይም ብሮውዘር ይባላል፤ የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1990 የሠራው ቲም በርነርስ ሊ ነው። በአሳሹ አናት ያለው የአድራሻ መስመር ሁለት ሥራ ስላለው ጀማሪን ያደናግራል፤ ሙሉ አድራሻ ሲጻፍበት በቀጥታ ወደ ገጹ ይወስዳል፣ ተራ ቃል ሲጻፍበት ግን ቃሉን ወደ መፈለጊያ ሞተር ይልካል። በጌዴኦ ዞን በቡናዋ የምትታወቀውን ዱመርሶን የሚፈልግ ተማሪ፣ የቡና ገዢዎች ስሟን በላቲን ፊደል፣ ያውም በተለያየ አጻጻፍ ስለሚጽፉት፣ በአማርኛ ብቻ ፈልጎ ቢያቆም ብዙ ገጽ ያመልጠዋል። እግረ መንገዱን እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ማንበብ ቢፈልግ፣ አዲስ ትር፣ ማለትም በዚያው መስኮት ሌላ ገጽ የሚይዝ ክፍል፣ ከከፈተ የፊተኛው ገጽ ባለበት ይቆየዋል።