ሁለቱ ነጥቦች መቼ ይለያሉ?

ማይክሮስኮፕ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ጊዜ ያጎላል?» ብሎ ነው። መጠየቅ ያለበት ግን፣ ተጠጋግተው ያሉ ሁለት ነጥቦችን እስከ ምን ርቀት ድረስ ለይቶ እንደሚያሳይ ነው። ሬዞሉሽን የሚባለው ይህ ነው። እሱን ለመመርመር ደግሞ እንደ ሲሙሌሽን የምወደው መንገድ የለም። በእውነተኛው ስላይድ ላይ ምን እንዳለ እየገመትን ነው የምናየው፤ በሲሙሌሽን ግን ነጥቦቹን ያስቀመጥናቸው እኛው ነንና ሌንሱ የቱን እንደደበቀብን በትክክል እናውቃለን።

አሠራሩ ቀላል ነው። የሌንሱ ቀዳዳ ውስጡ አንድ፣ ውጪው ዜሮ የሆነ ክብ ተደርጎ ኮምፒውተር ላይ ይሣላል፤ በፉሪየር ትራንስፎርም ያልፋል፤ የውጤቱ መጠን በራሱ ይባዛል። የሚገኘው የአንዲት ነጥብ ምስል ነው፦ መሐሉ ደማቅ፣ ዙሪያው በፈዘዙ ቀለበቶች የተከበበ። ጆርጅ ኤሪ ይህን እ.ኤ.አ. በ1835 በሒሳብ አሳይቷል።

አሁን ባለ 100 እጥፉን ኦብጀክቲቭ ሌንስ እንውሰድ። ብርሃን የሚሰበስብበት ስፋት፣ ማለትም ኒውሜሪካል አፐርቸሩ፣ 1.25 ይሁን፤ ብርሃኑም 550 ናኖሜትር፣ አረንጓዴ። በራሳቸው የሚያበሩ ሁለት ነጥቦችን በ268 ናኖሜትር ሳራርቃቸው በመካከላቸው ብርሃኑ ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ሁለት መሆናቸው ይታያል። የሎርድ ሬይሊ መለኪያ ይኸው ነው። ወደ 150 ሳቀርባቸው አንድ ይሆናሉ። ይህን ለላብራቶሪ ተማሪዎች ሳሳይ አንዷ «መምህር፣ የበለጠ ብናጎላውስ?» አለችኝ። እዚያው ምስሉን አሥር እጥፍ አጎላሁት። ያው አንድ ነጥብ፣ ሰፍቶና ደብዝዞ ወጣ። ሌንሱ ያላሳለፈውን ዝርዝር ማጉላት አያመጣውም፤ ኧርንስት አቤ በየና ከተማ ይህን ገደብ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው።

እዚህ ላይ በሌንሱና በስላይዱ መካከል የሚደረገውን ዘይት የሚንቁትን ሳልወቅስ አላልፍም። ለዘይት የተሠራውን ሌንስ በደረቁ የሚጠቀሙ አሉ። በአየር ውስጥ አፐርቸሩ ከ1 ሊበልጥ አይችልም፤ በሲሙሌሽኑ 1.25ን በ1 ስተካው ርቀቱ ከ268 ወደ 336 ናኖሜትር ያድጋል። ያውም ሌንሱ እንከን የለሽ ነው ብለን ነው፤ የምስል መዛባት ሲጨመርበት ይብሳል። ከስላይዱ ሥር ብርሃኑን የሚሰበስበውን ኮንደንሰር ዝቅ አድርጎ መተውም እንዲሁ ይጎዳል። ጉዳቱን በወባ ምርመራ እንየው፦ በአገራችን ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ የተባሉት የወባ ተውሳክ ዝርያዎች ሁለቱም ይገኛሉ፤ ሕክምናቸውም ይለያያል። ቫይቫክስ በያዘው ቀይ የደም ሴል ላይ የሚታዩት ደቃቅ ነጠብጣቦች ዝርያውን ለመለየት ይረዳሉ፤ ምስሉ ሲደበዝዝ መጀመሪያ የሚጠፉትም እንዲህ ያሉ ደቃቅ ነገሮች ናቸው።

ስለዚህ ኦብጀክቲቩ ላይ «100/1.25» የሚል ጽሑፍ ስታዩ በመጀመሪያው ቁጥር ብቻ አትርኩ። የሚያየው ሁለተኛው ነው፤ ዘይቱን አድርጉበት።