በራያ ቆቦ ደግነት ግዴታ ነው

ቆቦ ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ ከተራራው ማዶ አፋር፣ በዙሪያዋ ደግሞ ሰፊ የማሽላ ሜዳ አለ። በዚህ ሜዳ የሰው ሞት ልብ ብቻ ሳይሆን እርሻም ይጎዳል። ማሽላ ብዙ ወር መሬት ላይ የሚቆይ እህል ነው፤ ሽልሻሎ አለው፣ አረም አለው፣ ሲያሽት ደግሞ ከወፍ መጠበቅ አለበት። ገበሬው በሽልሻሎ ሰሞን ቢሞት አረሙና አቀንጭራው አርባው እስኪወጣ አይጠብቁም። ስለዚህ በራያ ቆላ ስለ ፍቅርና ስለ ሐዘን የሚያወራ ሰው ስለ ጉልበት፣ ስለ በሬና ስለ እህልም ማውራቱ አይቀርም።

ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፤ ወንዶቹ መቃብር ይቆፍራሉ፣ ሴቶቹ እዝን ይዘው ይመጣሉ፣ ሐዘንተኛው ቤት ለቀናት እሳት ሳያነድ ይበላል። የቀረ ይቀጣል። መቅረት ያበዛ ደግሞ ከመቀጮ የከፋ ነገር ያገኘዋል፦ በራሱ ቀን የሚደርስለት ያጣል። ከቀብር በኋላ ያለውን የእርሻ ሥራ ደቦ ያነሣዋል፤ አንድ በሬ የቀረው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ይቀናጃል። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን ቀብር መሸኘቱ የታወቀ ነው። ድግስ ሲሆን ሥጋው በየሃይማኖቱ ባራጅ ይለያል፤ ለቅሶው ግን አይለይም።

ይህን የሚያይ አንድ ዘመናዊ አንባቢ «በመቀጮ የሚመጣ ደግነት ምኑ ደግነት ነው?» ሊል ይችላል። ከልብ ያልመነጨ ነገር የይስሙላ ነው የሚል እምነት በከተማ እየበረታ ሄዷል። እኔ በዚህ አልስማማም። በስሜት ብቻ የሚሠራ ደግነት የሚደርሰው ለተወደደ ሰው ነው፤ ተጨዋቹ፣ ባለጸጋው፣ ዘመደ ብዙው ሲሞት ጡሩምባ ባይነፋም ቤቱ ይሞላል። ደንብ የሚያስፈልገው ለነገረኛው፣ ለድኻው፣ ከሌላ ቀበሌ መጥቶ ለሰፈረው ነው። ቅሬ የሟቹን ጠባይ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አባል መሆኑን ነው። ኢኮኖሚስቱ ስቴፋን ደርኮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያ ገጠር እድሮች በግልጽ ደንብና በመዋጮ የሚሠሩ እውነተኛ የመድን ማኅበራት መሆናቸውን አሳይተዋል። መድን መሆናቸው ፍቅርን አያሳንስም። እናት ልጇን በሌሊት ተነሥታ የምታጠባው ሁልጊዜ ደስ ብሏት አይደለም፤ ግዴታዋ ስለሆነም ነው፤ ፍቅሯን ግን ማንም አይጠራጠርም። (የእዝኑ ጋገራና የውኃው ሸክም ከሞላ ጎደል በሴቶች ትከሻ ላይ መውደቁ ግን እውነተኛ ቅሬታ ነው፤ «ባህላችን ነው» በሚል መልስ አይታለፍም።)

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ ከረሀቡ ታሪክ የሚመጣ ነው። ይህን ያህል የሚደጋገፍ ሕዝብ በ1965 እና በ1977 ለምን እንደዚያ አለቀ? መልሱ ሕዝቡ ጨከነ የሚል አይደለም። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 በታተመው መጽሐፉ እንዳሳየው በ1965ቱ ረሀብ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ አገር የሚጫን እህል ነበር። የጠፋው የገበሬው የመግዛት አቅም ነው፤ ከብቱ አለቀ፣ ማሳው አልሰጠም። ተመራማሪው ደሳለኝ ራህማቶም የ1977ቱን ረሀብ አጥንተው በጻፉት መጽሐፍ የወሎ ገበሬ ምጽዋት ጠባቂ ሳይሆን ራሱን ለማዳን እስከ መጨረሻው የታገለ መሆኑን አስረድተዋል። ቅሬና ደቦ የተሠሩት መከራ በየተራ ቤት ሲያንኳኳ ነው፤ ዛሬ የአንዱ፣ ከርሞ የሌላው። ሁሉም ቤት በአንድ ክረምት ሲመታ ሰጪና ተቀባይ አይለይም። በጥቅምት 1977 በቢቢሲ ዓለም ያየው የኮረም መጠለያ፣ ከራያ ሜዳ በላይ ካለው ደጋ ላይ፣ ይህ ሥርዓት ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት የሚሆነውን አሳይቷል፤ ሰው ከቀባሪው ርቆ ሞተ። በኋላ የመጣው የመንግሥት ሰፈራም ብዙውን ወደ ወለጋና ወደ ኢሉባቦር ሲወስድ ቤተሰብ ከቤተሰብ፣ ቅሬ ከአባሉ ተለያየ። እንግዲህ «ሕዝቡ እርስ በርሱ ይረዳዳል» የሚለው አባባል ለመንግሥት ማምለጫ መሆን የለበትም። የጎረቤት ደግነት የመንግሥትን ጎተራ አይተካም።

ሥርዓቱ ግን በጣም በጨለመ ቀንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2013፣ የትግራይ ታጣቂዎች በቆቦ ሰላማዊ ሰዎችን መግደላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል የዓይን ምስክሮችን ጠቅሶ ዘግቧል። ነዋሪዎቹ ሟቾቹን በቅዱስ ጊዮርጊስና በቅዱስ ሚካኤል አብያተ ክርስቲያናት መቅበራቸውን ተናግረዋል፤ ድርጅቱ የመረመራቸው የሳተላይት ምስሎችም በሁለቱም ግቢ አዲስ መቃብሮችን አሳይተዋል። ሬሳ ማንሣት ራሱ አደገኛ በሆነበት ሰዓት ሰዎች የማንሣት ግዴታቸውን ተወጡ። ከዚያ ቀን ሌላ ምንም ማስረጃ ባይኖር ይህ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

ቅሬ የሚጎድለው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሥራው የሚጀምረው ከሬሳ ወይም ከመርዶ ነው። ዛሬ በራያ ቆላ ሬሳም መርዶም የሌለው ሐዘን አለ፤ በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ወጥቶ ድምፁ የጠፋ ልጅ፣ በጦርነቱ ሄዶ ያልተመለሰ ወጣት። እናቱ ሞተ ብላ እንዳታለቅስ ማረጋገጫ የላትም፤ አለ ብላ እንዳትጽናና ወሬ የላትም። ጡሩምባ አይነፋላትም፣ እዝን አይመጣላትም፣ ማሽላዋን ግን አረም ይበላዋል። የቅሬ ዳኞች በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፦ ልጁ የጠፋበት ቤት እንደ ሐዘን ቤት ይቆጠር፤ በሽልሻሎ ሰሞንም ደቦ ይውጣለት።